ቢግ ዳታ ለኢኮኖሚ ጥናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ልጆች፣ ጋዜጠኞች፣ አንዳንዴም ዳታ ላይ የሚሠሩ ጓደኞቼ እየደጋገሙ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፈዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ዳታ ስንት ሲደርስ ነው «ቢግ» የሚባለው?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለውም። በ2001 ዳግ ሌኒ የተባለ ተንታኝ ብዛትን፣ ፍጥነትንና የዓይነት መብዛትን መለያ አደረገ፤ ብዙ ሰው እስካሁን የሚጠቅሰው ያንን ነው። ለኢኮኖሚ ጥናት ግን እኔን የሚመቸኝ ሌላ መለያ ነው። ዳታው ለጥናት ተብሎ ተሰበሰበ ወይስ ከሌላ ሥራ የተረፈ ነው?

የሱፐርማርኬት ካሸርን አስቡ። ባርኮዱን ማንበቢያው ላይ ስታሳልፈው «ጢጥ» ይላል፤ ሲስተሙ ውስጥ አንድ መስመር ይጻፋል። የቱ ዕቃ፣ በስንት፣ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ። ካሸሯ የዋጋ ንረት እያጠናች አይደለም። ሒሳብ ተቀብላ የሚቀጥለውን ሰው ማስተናገድ ነው የፈለገችው። አብዛኛው ቢግ ዳታ እንዲህ ያለ ትርፍራፊ ነው፤ የክፍያ መዝገብ፣ የስልክ ጥሪ መዝገብ፣ የግብር ፋይል፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ቃል፣ የሳተላይት ምስል። ይሄን ያዙልኝ። ከታች የምታነቧቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ድሮስ ቁጥር ላይ አይደለም እንዴ የሚሠሩት? ምኑ ነው አዲሱ?

ሰው ቶሎ የሚያነሳው ፍጥነቱን ነው። እውነት አለው። የአሜሪካ መንግሥት የሩብ ዓመቱን ጥቅል ምርት (ጂዲፒ) የመጀመሪያ ግምት የሚያወጣው ሩብ ዓመቱ ካለቀ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ከዚያም ደጋግሞ ያርመዋል። የአትላንታ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ አንድ ክፍል ነው) «ጂዲፒ ናው» የሚለው ሞዴል ግን ሩብ ዓመቱ ሳያልቅ፣ አዲስ መረጃ በመጣ ቁጥር ግምቱን ያድሳል። የሚጠቀምበት ዳታ ያን ያህል ግዙፍ ባይሆንም ሐሳቡ ያው ነው፤ ነገን ሳይሆን ዛሬን መገመት።

ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ዝርዝሩ ነው። ኢኮኖሚስቱ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ጥናት የ40 ሚሊዮን አሜሪካውያን ልጆችንና የወላጆቻቸውን የግብር መዝገብ አያያዙ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር። ከድሃ ቤት የተወለደ ልጅ ሲያድግ ሀብታም የመሆን ዕድሉ ምን ያህል ነው? መልሱ «የት እንዳደገ ይወሰናል» ሆነ። ገቢያቸው ከታችኛው አንድ አምስተኛ ከሆነ ቤተሰቦች የተወለዱ ልጆች ወደ ላይኛው አንድ አምስተኛ የደረሱት ሻርሎት ከተማ 4.4 በመቶ፣ ሳን ሆዜ ደግሞ 12.9 በመቶ ናቸው። ይሄን ልዩነት አሥር ሺህ ሰው በሚጠይቅ አገር አቀፍ ዳሰሳ ማየት አይቻልም። ለአንድ ከተማ የሚደርሰው ጥቂት ሰው ብቻ ነዋ! አማካይ ቁጥር የደበቀውን ነገር ያወጣው የዳታው ብዛት ነው። ብዛት ራሱ ጥቅም የሚሰጥበት ቦታ ካለ፣ ይሄ ነው።

የዋጋ ንረትን ከድረ ገጽ ላይ መለካት ይቻላል?

ይቻላል። ምሳሌው ደግሞ ልብ ወለድ የሚመስል ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

በ2007 መጀመሪያ የአርጀንቲና መንግሥት የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ውስጥ እጁን አስገባ። የዋጋ ስሌቱን የሚሠሩት ሰዎች ተነሱ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቁጥር ዝቅ ያለ ሆነ፤ ገበያ የሚወጣው ሰው ደግሞ በዓይኑ የሚያየው ሌላ ነው። አልቤርቶ ካቫሎ የተባለ አርጀንቲናዊ ያኔ ሃርቫርድ ይማር ነበር። አንድ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ በየቀኑ የትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ከገጹ ኮድ ውስጥ የዕቃውን መለያና ዋጋ ይለቅማል፣ ይመዘግባል፣ በማግስቱ ይመለሳል። በቃ። ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የለ፣ የሚሞላ ቅጽ የለ።

ውጤቱ? ከጥቅምት 2007 እስከ መጋቢት 2011 ድረስ መንግሥት በዓመት 8 በመቶ ገደማ ሲል፣ የድረ ገጹ ዋጋ ግን 20 በመቶ ገደማ ይላል። ልዩነቱ በአንድ ዓመት ብቻ ሲታይ ያን ያህል ላይመስል ይችላል። ሦስት ዓመት ተኩል ሲጠራቀም ግን 100 ይሸጥ የነበረ ዕቃ በአንደኛው ስሌት 131፣ በሌላኛው 189 ገደማ ይደርሳል።

እኔን የማረከኝ ቁጥሩ ሳይሆን ቀጥሎ ያደረገው ነው። «የአንተ ዘዴ ቢሆንስ የተበላሸው?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ በዚያው ዘዴ የብራዚልን፣ የቺሊን፣ የኮሎምቢያንና የቬንዙዌላን ዋጋ ሰበሰበ። በአራቱም አገሮች የድረ ገጹ ቁጥር ከመንግሥቱ ቁጥር ጋር ተቀራረበ። የተለየችው አርጀንቲና ብቻ ናት። ይሄ ማረጋገጫ ባይኖር ኖሮ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ከሮቤርቶ ሪጎቦን ጋር በ2008 ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ቢሊየን ፕራይስስ ፕሮጀክት» የተባለውን ሥራ የጀመሩትም ከዚህ ተነስተው ነው። በ2012 «ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት የአርጀንቲናን ይፋዊ የዋጋ ቁጥር ማተም አቆመ። በ2013 ደግሞ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አገሪቱን በዚሁ ዳታ ጉዳይ በይፋ ወቀሰ።

ግን አንድ ነገር አትርሱ። ድረ ገጹ ዋጋ ይነግራችኋል፤ ስንት እንደተሸጠ አይነግራችሁም። ሰው ከገቢው ምን ያህሉን ለዳቦ፣ ምን ያህሉን ለሻምፑ እንደሚያወጣ ለማወቅ አሁንም ቤት ለቤት የተጠየቀ የወጪ ዳሰሳ ያስፈልጋል። የቤት ኪራይና የፀጉር ቤት ዋጋም ሱፐርማርኬት ገጽ ላይ አይገኝም። አዲሱ ዘዴ አሮጌው ትከሻ ላይ ነው የቆመው።

መንግሥታት ራሳቸው ይጠቀሙበታል ወይስ የተመራማሪዎች ጨዋታ ነው?

ይጠቀሙበታል። የኔዘርላንድስ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ከ2002 ጀምሮ ከሱፐርማርኬት ካሸሮች የሚመጣውን የባርኮድ ዳታ ለዋጋ ስሌቱ ያስገባል። ሌሎችም ተከትለዋል።

ማታ የሚታይ መብራት ስለ ኢኮኖሚ ምን ይናገራል?

ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መብራት ያበራል። ሱቁ አምሽቶ ይሠራል፣ መንገዱ መብራት ይተከልለታል፣ ፋብሪካው ሌሊት ፈረቃ ይጀምራል። ከላይ የሚያልፍ ሳተላይት ይሄን ያያል። ቨርነን ሄንደርሰን፣ አዳም ስቶሪጋርድና ዴቪድ ዋይል በ2012 ባወጡት ታዋቂ ጥናት የመብራቱ ለውጥ የኢኮኖሚ ዕድገትን ለመገመት እንደሚረዳ አሳዩ። በተለይ ይፋዊ ቁጥራቸው ደካማ በሆነ አገሮች።

የተጠቀሙበት ዳታ ከ1992 ጀምሮ በዲጂታል የተቀመጠ የአሜሪካ ወታደራዊ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች ምስል ነው። እያንዳንዷ የምስል ነጥብ ከ0 እስከ 63 ቁጥር ይሰጣታል። 0 ድቅድቅ ጨለማ ነው። ችግሩ 63 ላይ ነው፤ ጣሪያው እሱ ነው። የአንድ ትልቅ ከተማ መሃል 63 ከደረሰ በኋላ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ቢደረብበት ሳተላይቱ ለውጥ አያይም። የነዳጅ ጉድጓዶች የሚያቃጥሉት ጋዝ ደግሞ በረሃ መሃል እንደ ትልቅ ከተማ ያበራል፤ ካላወጣችሁት ማንም የማይኖርበትን ቦታ ሀብታም ታደርጉታላችሁ። ከ2012 ወዲህ የተሻለ መሣሪያ አለ። እሱም ቢሆን ሰማያዊ ብርሃን በደንብ አያይም፤ ስለዚህ አንድ ከተማ የመንገድ መብራቱን ወደ ኤልኢዲ ሲቀይር ከላይ ሲታይ የደበዘዘ ሊመስል ይችላል። ድህነት መጣ ብላችሁ እንዳትጽፉ!

ሉዊስ ማርቲኔዝ ይሄንኑ መብራት ለሌላ ጥያቄ ተጠቀመበት። በ2022 ባሳተመው ጥናት መብራቱን ከየአገሩ ይፋዊ የዕድገት ቁጥር ጋር አነጻጸረ። በአምባገነን አገሮች ተመሳሳይ የመብራት ጭማሪ ከፍ ካለ የዕድገት ሪፖርት ጋር ነው የሚመጣው። በእሱ ግምት እነዚህ መንግሥታት ዓመታዊ ዕድገታቸውን 35 በመቶ ገደማ ያጋንናሉ። 6 በመቶ አደግን ሲሉ ትክክለኛው 4 ነጥብ ምናምን ነው እንደማለት።

የስልክ ዳታ ማን ድሃ እንደሆነ ያሳያል የሚባለው እውነት ነው?

በተወሰነ ደረጃ፣ አዎ። በ2015 ጆሹዋ ብሉመንስቶክና ሁለት ባልደረቦቹ ሩዋንዳ ላይ የሠሩትን አሳተሙ። የ1.5 ሚሊዮን ደንበኞች የጥሪ መዝገብ ነበራቸው። ይዘቱ አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ ለስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ ደወለ የሚለው ብቻ። ከእነዚህ ውስጥ 856 ሰዎችን ደውለው ስለ ኑሯቸው ጠየቁ። ቤታችሁ መብራት አለ? ሬዲዮስ? ከዚያ ማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከምሳሌዎች እየተማረ የሚገምትበት ዘዴ) የስልክ አጠቃቀሙን ከኑሮ ደረጃው ጋር አያያዘና ያልተጠየቁትን በሙሉ ገመተ።

በ2020 ቶጎ በኮቪድ ጊዜ «ኖቪሲ» በተባለ ፕሮግራም ለተቸገሩ ሰዎች ገንዘብ በሞባይል ስትልክ ይሄ ሐሳብ ከወረቀት ወረደ። መጀመሪያ ድጋፉ በመራጮች መዝገብ ላይ የተጻፈን የሥራ ዓይነት ያየ ነበር። ሲሰፋ ደግሞ የሳተላይት ምስል የድሃ ቀበሌዎችን፣ የስልክ መዝገብ ድሃ ሰዎችን ለመለየት አገዘ። በኋላ የወጣው ጥናት ቦታን ብቻ አይቶ ከመስጠት የተሻለ መሆኑን አሳየ። ፍጹም ግን አይደለም።

ስልክ የሌለውስ? እሱ ዳታው ውስጥ የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ድሃው እሱ ነው። ሚስት የባሏን ስልክ የምትጠቀም ከሆነም ለማሽኑ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀ ሰው የሠራውን የድህነት ካርታ እኔ አላምንም።

ዳታው ይህን ያህል ከበዛ ናሙና መምረጥ ቀረ ማለት ነው?

አልቀረም። እንዲያውም ባሰበት።

በ1936 «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ለምርጫ ትንበያ 10 ሚሊዮን የመጠይቅ ካርዶች በፖስታ ላከ። ወደ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጋው ተመለሰ። ለዘመኑ ይሄ ቢግ ዳታ ነው! መጽሔቱ የሩዝቬልት ተፎካካሪ አልፍ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ የተወሰዱት በአብዛኛው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። መልሶ ለመላክ የተጋውም ቢሆን ከሌላው የተለየ ሰው ነው። የሕዝብ አስተያየት ዳሰሳ የሚሠራው ጆርጅ ጋለፕ በጣም ባነሰ ናሙና አሸናፊውን አወቀ።

ያረጀ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ2021 በፌስቡክ በኩል የሚደረግ ዳሰሳ በሳምንት 250 ሺህ ገደማ አሜሪካውያን ስለ ኮቪድ ክትባት ይመልሱለት ነበር። ግንቦት ላይ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር ሲተያይ የተከተቡትን በ17 የመቶኛ ነጥብ አጋንኖ ተገኘ። 1 ሺህ ሰው ገደማ የሚጠይቅ ጥንቃቄ ያለው ዳሰሳ የተሻለ ሠራ።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ሺያው ሊ መንግ ነገሩን በሒሳብ አስቀምጦታል። የ2016ቱን የአሜሪካ ምርጫ ወስዶ፣ 2.3 ሚሊዮን ሰው የመለሰው የተዛባ ዳሰሳ በትክክል በዕጣ ከተመረጡ 400 ሰዎች አይበልጥም አለ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው የስህተት ወሰኑ ነው፤ ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ይህን ያህል ሊስት ይችላል የሚባልበት ማለት ነው። ዳታው ሲበዛ ወሰኑ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል፤ እናንተም በልበ ሙሉነት ትሳሳታላችሁ። የተዛባ ዳታ ሲበዛ ያው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

ማሽን ለርኒንግ የኢኮኖሚስቱን ሥራ ይወስዳል?

ትንበያውን፣ አዎ፣ ብዙውን ይወስዳል። ይውሰድም። የኢኮኖሚስቱ ዋና ጥያቄ ግን «ምን ይሆናል?» ሳይሆን «ይሄን ብናደርግ ምን ይለወጣል?» ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ዣንጥላ የያዘ ሰው ካየሁ ዝናብ እንደሚመጣ እገምታለሁ፤ ዣንጥላ ባከፋፍል ግን ዝናብ አይዘንብም።

ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ የተደረገውን ሙከራ እወደዋለሁ። ኩባንያው ሰዎች በመፈለጊያ ገጾች «ኢቤይ» ብለው ሲጽፉ ከላይ እንዲወጣ ለማስታወቂያ ይከፍል ነበር። ዳታው የሚለው ግልጽ ነው፤ ማስታወቂያውን የተጫኑ ሰዎች ይገዛሉ። ብዙ ጠቅታ፣ ብዙ ሽያጭ። ማንኛውም የትንበያ ሞዴል «ጨምሩ» ይላል። ቶማስ ብሌክ፣ ክሪስ ኖስኮና ስቲቨን ታደሊስ በ2012 ሌላ ነገር አደረጉ። በአንዳንድ መፈለጊያዎች ላይ ማስታወቂያውን አጠፉት። ምን ሆነ? ከማስታወቂያው ይመጣ የነበረው ሰው 99.5 በመቶው ከሥር ባለው ነፃ ሊንክ በኩል መጣ። ቀድሞም ወደዚያው እየሄደ የነበረ ሰው ነው! ስሙን ጽፎ የሚፈልግህን ሰው መንገድ ለማሳየት መክፈል ማለት ነው።

ይሄን ማወቅ የተቻለው ዳታ በመጨመር አይደለም። አንድ ነገር በማጥፋት ነው።

ታዲያ ቢግ ዳታ መንስኤን አያሳይም ማለት ነው?

ያሳያል፤ የሚያሳይበትን ቦታ ካወቃችሁ። በስልክ መተግበሪያ ታክሲ የሚጠራበትን ኡበርን እንይ። ታክሲ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው በማባዣ ይጨምር ነበር፤ ማባዣው 1.2 ከሆነ ከተለመደው ዋጋ 20 በመቶ ይበልጣል። ሰው ዋጋ ሲጨምር ምን ያህል ይተዋል የሚለውን ለማወቅ በ1.2 እና በ1.3 የታዘዙትን ዝም ብሎ ማወዳደር አይበቃም። ማባዣው 1.3 የሆነው ሰዓት ምናልባት ዝናብ ነበር፤ ኮንሰርት አልቆ ነበር። ሰዓቱ ራሱ ሌላ ነው።

ግን ያኔ የኡበር ሲስተም ማባዣውን በብዙ አሃዝ ያሰላው ነበር፤ ለደንበኛው የሚያሳየው አጠጋግቶ ነበር። 1.249 ከሆነ 1.2 ይታይ ነበር። 1.251 ከሆነ 1.3 ይታይ ነበር። በሁለቱ ቅጽበቶች መሃል ዝናቡም ኮንሰርቱም ያው ነው፤ የተለየው ስልኩ ላይ የታየው ዋጋ ብቻ። ዕጣ የወጣ ያህል ነው። ተመራማሪዎቹ፣ ስቲቨን ሌቪት አንዱ ነው፣ ወደ 50 ሚሊዮን በሚጠጋ የመተግበሪያ አጠቃቀም ውስጥ እንዲህ ያሉ ድንበሮችን ፈልገው ሰው ለዋጋ ያለውን ምላሽ ለኩ። ከዚያ ተነስተው በ2015 አሜሪካውያን ተሳፋሪዎች ከከፈሉት በላይ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጥቅም አገኙ ብለው ገመቱ። እዚህ ጋ ብዛቱ ግዴታ ነው፤ ድንበሩ አጠገብ የሚቆሙት ጥቂቶች ናቸው፣ ጥቂቶቹን በቂ ለማድረግ ከሥር ሚሊዮኖች ያስፈልጋሉ።

በሌላ በኩል ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር በ1994 ያወጡት የዝቅተኛ ደመወዝ ጥናት በ410 ፈጣን ምግብ ቤቶች ላይ የተሠራ ነው። ኒው ጀርሲ በሚያዝያ 1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገች፤ ጎረቤቷ ፔንሲልቬኒያ ዝም አለች። ሁለቱን ማወዳደር ነው። ሥራ አልቀነሰም አሉ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ካርድ በ2021 ኖቤል ሲሸለም ከሚጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ ይሄ ነበር። 410 መስመር ዳታ እኮ ስልካችሁ ላይ ይከፈታል።

የጎግል ፍሉ ትንበያ ለምን ወደቀ?

ስለ ኢኮኖሚ ባይሆንም ሁሌ ስለሚነሳ ልመልሰው። በ2008 ጎግል ሰዎች የሚፈልጉትን ቃል አይቶ ኢንፍሉዌንዛ የት እንደተነሳ የሚገምት አገልግሎት ጀመረ። ከ50 ሚሊዮን ቃላት ውስጥ ከበሽታው ጋር አብረው የሚወጡና የሚወርዱ 45ቱን መረጡ። ከዚህን ያህል ቃል ውስጥ ሲፈለግ በአጋጣሚ ብቻ የሚገጥም ሞልቷል። የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ፍለጋ ሳይቀር ከፍሉ ጋር ይሄድ ነበር፤ ሁለቱም አሜሪካ ውስጥ የብርድ ወራት ነገሮች ናቸውና። በ2013 ግምቱ ከእውነተኛው ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ2015 ተዘጋ።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሞክሩት። ምንም ግንኙነት የሌላቸው 1,000 ነገሮችን ከሥራ አጥነት ጋር ብታስተያዩ፣ በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት (ምንም ግንኙነት ሳይኖር በአጋጣሚ ከመቶ አምስት ጊዜ «አለ» የሚል ፈተና) 50 ያህሉ «ግንኙነት አላቸው» ይሏችኋል። እንዲሁ፣ በባዶ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። የጎግል ዋና ኢኮኖሚስት የነበረው ሃል ቫሪያን ከህዩንዮንግ ቾይ ጋር የፍለጋ ቃላት የመኪና ሽያጭንና የሥራ አጥነት ማመልከቻን ለመገመት እንደሚያግዙ አሳይቷል። ቁም ነገሩ «እንደሚያግዙ» የሚለው ነው። ያለፈው ወር ቁጥር ላይ ይጨመራሉ እንጂ አይተኩትም።

የተጻፈ ነገርስ ዳታ ይሆናል?

ይሆናል። ስኮት ቤከር፣ ኒክ ብሉምና ስቲቨን ዴቪስ ከ10 ትልልቅ የአሜሪካ ጋዜጦች ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ፖሊሲና ስለ እርግጠኛ አለመሆን አንድ ላይ የሚያወሩ ጽሑፎችን ቆጥረው በየወሩ የሚወጣ መለኪያ ሠርተዋል። ኮምፒውተሩ በትክክል መቁጠሩን ለማጣራት ሰዎች 12 ሺህ ጽሑፎችን ቁጭ ብለው አነበቡ። ብዙ ሰው ይሄን ክፍል ይዘላል፤ የሥራው ክብር ያለው ግን እዚያ ነው።

ዳታውን ከየት አገኛለሁ?

የሚያስቀናው ዳታ ያለው ኩባንያዎችና የግብር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። ለተማሪ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። በነፃ የሚገኘውም ግን ቀላል አይደለም። የዓለም ባንክ፣ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ዳታ፣ የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ «ፍሬድ» የተባለ የኢኮኖሚ ዳታ ማከማቻ፣ የሌሊት መብራት ምስሎች፣ ሰው ጎግል ላይ ምን እንደፈለገ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስ። የመጨረሻውን ስትጠቀሙ ተጠንቀቁ፤ ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው ቁጥር የፍለጋው ብዛት አይደለም፣ በዚያ ጊዜ ከነበረው ከፍተኛ ነጥብ አንጻር ነው።

ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ስትለቅሙ የገጹን የአጠቃቀም ደንብ አንብቡ። ሰርቨሩንም በየሰከንዱ አታንኳኩ።

ስም ከተሰረዘ የሰው ምስጢር ተጠበቀ ማለት አይደለም?

አይደለም። በ2015 የታተመ ጥናት የ1.1 ሚሊዮን ሰዎችን የሦስት ወር የክሬዲት ካርድ ዳታ አየ። ስም የለ፣ የካርድ ቁጥር የለ። አንድ ሰው በየትኛው ቀን የት ሱቅ እንደገዛ አራት ጊዜ ብቻ ካወቃችሁ፣ 90 በመቶውን ለይታችሁ ታወጡታላችሁ። ሰው አራት ቦታ እንደነበረ ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ፎቶ እየለጠፈ ራሱ ይነግራችኋል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የ2020ውን ውጤት ሲያወጣ ቁጥሮቹ ላይ ሆን ብሎ ትንሽ ስህተት የጨመረው። ተመራማሪዎች አጉረምርመዋል፤ በተለይ ትንንሽ ሰፈሮችን የሚያጠኑት። እኔ ለሁለቱም አዝናለሁ።

ዳታ ማጽዳት ያን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

ይፈጃል፣ አሰልቺም ነው። አንዱ ቀኑን 03/04 ብሎ ይጽፋል፤ መጋቢት 4 ነው ወይስ ሚያዝያ 3? አንዱ መልስ ያልሰጠን ሰው 999 ብሎ ይመዘግባል፤ እናንተም የ999 ዓመት ሽማግሌ ይዛችሁ አማካይ ዕድሜ ታሰላላችሁ።

እኔ ራሴ አንዴ የሽያጭ ሠንጠረዥን ከሱቆች ዝርዝር ጋር አገናኘሁና በአንድ ወር ሽያጩ ሲዘል አየሁ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱንም ወዲያው ፈጠርኩለት፤ ሰው መቼም ምክንያት አያጣም። ግራፉን ለአለቃዬ ልኬ ስጨርስ ነው የገባኝ። ጥቂት ሱቆች ስማቸውን ቀይረው ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሽያጫቸው ሁለት ሆኗል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሠንጠረዥ ከማገናኘቴ በፊትም በኋላም መስመር ሳልቆጥር አላልፍም።

ምን ልማር? ላፕቶፔስ ይችላል?

ዳታ ከማከማቻ ለማውጣት ኤስኪውኤል፣ ከዚያ ከፕሮግራም ቋንቋዎች ፓይተን ወይም አር። የኢኮኖሚክስ ሰዎች መሃል ስታታ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አሁንም ሰፊ ቦታ አለው። ግዙፍ ዳታን በብዙ ኮምፒውተሮች የሚያሠራውን ስፓርክንና ሌሎቹን ትልልቅ መሣሪያዎች ሥራ ሲያስገድዳችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ። ከመሣሪያው በፊት ግን ስታቲስቲክስን በደንብ ጨብጡ። ላፕቶፕ ይበቃል፤ ግዙፍ ፋይል ቢሆንም ከመቶ አንዱን በዕጣ አውጥታችሁ ኮዱን በዚያ ፈትኑት።

ለመጀመሪያ ሥራ ከአንድ ሱቅ ድረ ገጽ 20 ዕቃ መርጣችሁ ለሦስት ወር በየቀኑ ዋጋ መዝግቡ። በትንሹ የካቫሎን ሥራ መሥራት ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ዕቃ ከገጹ ይጠፋል። አልቆ ነው? ቀርቶ ነው? ወይስ በሌላ ስም መጥቷል? ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንድ ሳሙና ዋጋው ሳይነካ ክብደቱ ከ500 ግራም ወደ 450 ወርዶ ታገኙታላችሁ። በግራም ሲሰላ 11 በመቶ ጭማሪ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች እንደ ዋጋ ጭማሪ ይቆጥሩታል። የእናንተ ኮድ ግን ዋጋውን ብቻ እንዲያይ ስለተጻፈ በዚያ ቀን «ለውጥ የለም» ብሎ ይመዘግባል።